የጋሸናው ግድግዳ

የዘይት ቀለም ሽታ ድሮም አልወድም ነበር፤ ካለፈው ወር ወዲህ ግን ጭራሽ ጠላቴ ሆኗል። ትናንት ጎረቤቴ የግቢውን የብረት በር ሲቀባ ሽታው በመስኮት ገብቶ ምሳዬ ላይ ተቀመጠ። ልጄ «አባዬ፣ ምነው ሳትበላ?» ብትለኝ «ጠገብኩ» ብዬ ጋቢዬን አንሥቼ ወጣሁ። ጎረቤቴ ብሩሹን እንደያዘ «አያ መኮንን፣ አማረልኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምንም ያላጠፋ ሰው ነው፤ ቀና ብዬ እንኳ ሳላየው አለፍኩት። በዚህ ዕድሜዬ በቀለም ምክንያት ከጎረቤት ልኳረፍ ነው። ይህንን ያመጣብኝ ግዛቸው የሚባል አማካሪ ነኝ ባይ ነው። የእሱ ተራ ይደርሳል። መጀመሪያ ግን ጋሸና ልመለስ፤ እሱ ሳይደርስባት ወደነበረችው ጋሸና።

ጋሸና ከወልድያ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ወደ እኛ ወደ ላሊበላ የሚታጠፍባት ብርዳም ከተማ ናት። በሌላው በኩል ደግሞ ወደ ደላንታ፣ ወደ ወገል ጤና የሚያወርድ መንገድ አላት። ዛሬ ሚኒባስ ለአፍታ ቆም ብሎ ያልፋታል። በእኛ ጊዜ ግን መኪና ይበላሻል፣ ጭቃ ይይዛል፣ ጉም ይወርዳል፤ የተሳቢ ሹፌርም ይሁን የመንግሥት ሠራተኛ ካቦርቱን ተከናንቦ ጋሸና ማደሩ አይቀርም። እኔ ያኔ ወጣት አስጎብኚ ነበርኩ። አውሮፕላን ላሊበላ የሚያርፈው በበጋ ብቻ፣ ያውም አፈር ሜዳ ላይ ነበር። ከዚያ ውጭ እንግዳ የሚመጣው በመኪና ስለሆነ ሥራ የፈለገ አስጎብኚ ጋሸና ሄዶ መገንጠያው ላይ ይጠብቃል። ቤልቦተም ሱሪዬን በከሰል ካውያ ተኩሼ፣ ከአንድ ሹፌር የገዛሁትን ሰፊ ካቦርት ደርቤ፣ ፀጉሬን አጎፍሬ እቆም ነበር። የሱሪውን እግር የጋሸና ንፋስ ሲያርገበግበው ከሩቅ ይታያል። ሻይ በስሙኒ ነበር። በዚያ ላይ ሽልንግ ከጨመሩ አምባሻ ይመጣል። አልጋ ሁለት ብር፣ ቁንጫው በነፃ። ዛሬ በዚያ ሁለት ብር ምን እንደሚገዛ አላውቅም፤ ለማኝም አይቀበለው።

የምጠብቀው የየሺ ቤት ደጃፍ ላይ ነበር። የሺ የወገል ጤና ልጅ ናት። በወጣትነቷ መጥታ መገንጠያው ጥግ ላይ አንዲት የጭቃ ቤት ያዘችና የደላንታ ምስር ወጥ መሥራት ጀመረች። ምስሩን ከወገል ጤና በጭነት መኪና የምትልክላት ታናሽ እህቷ ነበረች፤ ከረጢቱ አፍ ላይ ሁልጊዜ ለእኔ የተቋጠረ ቆሎ ይገኝ ነበር። ሹፌሮች ገና ከዳገቱ ጥሩምባ እየነፉ ይመጣሉ፣ የሺም ጥሩምባውን ሰምታ የማን መኪና እንደሆነ ታውቃለች። ቢጫ ሻሽ ታስር ነበር። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ነበራት፤ ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኙ መጎተት ይጀምራል፣ ያ አምባሰል የሚያንቆረቁር ሰውዬ እንቅልፍ የያዘው ይመስላል። ያኔ ድንጋዮቹን አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣቸዋለች። እኛም እስኪሞቁ ዘፈኑን ካቆመበት ራሳችን እንቀጥላለን። ስለ እኔና ስለ እሷ ብዙ ተወርቷል። ግማሹ ውሸት ነው፤ ሌላው ግማሽ የማንም ጉዳይ አይደለም።

ቤቷ ወደ መንገዱ የዞረ፣ ነጭ አፈር የተለቀለቀ ረጅም ግድግዳ ነበረው። ስልክ ባልነበረበት አገር የሹፌሮች ስልክ ያ ግድግዳ ነበር። ከምድጃ ከሰል አንሥተው ይጽፉበታል። «ደጀኔ፣ ጎማ አግኝቻለሁ፣ ወልድያ ጠብቀኝ።» «አባባ፣ ፈተናውን አልፌያለሁ።» «ከበደ፣ ሴት ልጅ ወልደሃል።» ከበደ የሚባለው ሹፌር ይህን አንብቦ መንገዱ ዳር ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ። መልእክቱ የደረሰው ሰው በእጁ ያብሰዋል፤ እስኪደርሰው ድረስ ግን ማንም አይነካውም። ደንቡ ይኸው ነበር። ከመስኮቱ ሥር ደግሞ የሺ በገዛ እጇ፣ በተንጋደደ ፊደል፣ «ላሊበላ ስትደርሱ መኮንንን ጠይቁ» ብላ ጽፋ ነበር። እኔ ጻፊልኝ አላልኳትም። ሹፌሮቹ ለእንግዶቻቸው እያነበቡ ስንቱን ሰው አመጡልኝ። ልጆቼን ያሳደግሁት በዚያ ከሰል ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ላመሰግናት ስል «ምን አደረግሁና?» ትለኛለች። ዝናብ ሲያደበዝዘው፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ እንደገና ታጎላዋለች። የእጅ ስልክ መጥቶ የሌላው ሰው ጽሑፍ ሲቆም እንኳ የእኔን ማጉላቷን አልተወችም፤ እኔ ሥራ ካቆምኩ በኋላም ጭምር። እሷ ሳይጠየቁ መስጠት ትወዳለች፤ እኔ ደግሞ አንድም ቀን አድርጊልኝ ብያት አላውቅም። ሁለታችንም ይህን እናውቅ ነበር፤ አፍ አውጥተን ተነጋግረንበት ግን አናውቅም።

ከዚያ ዓመታቱ ሄዱ። መንግሥት ተለወጠ፤ ጎፈሬዬ ረገፈ፤ የሺ ከቤቷ ጀርባ የአልጋ ክፍሎች ሠራች፤ ግድግዳውን ግን እንዳለ ተወችው። ከዚያ ደግሞ ያ ክፉ ጊዜ መጣ፤ መንገድ ተዘጋ፣ ላሊበላ ሆቴሎች አልጋቸውን በላስቲክ ሸፈኑ፣ መስቀል ሻጮቹ ሱቃቸውን ቆልፈው ገጠር ገቡ። እንግዳው እስካሁን እንደ ድሮው አልተመለሰም። ሰው ግራ ሲገባው መካሪ ይበዛበታል። ግዛቸው የመጣብን በዚህ ሰዓት ነው።

የላሊበላ ልጅ ነው። አባቱን አውቃቸዋለሁ፣ ደግ ሰው ነበሩ፤ እሱ በማን እንደወጣ እንጃ። ደሴ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ወንበር ሲያሞቅ ኖሮ ተመለሰና አንዲት ክፍል ተከራይቶ «የቢዝነስ ማማከር አገልግሎት» የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። ሆቴል ሠርቶ አያውቅም። በቅሎ ጭኖ አያውቅም። አንድ የእንጨት መስቀል ሸጦ አያውቅም። የሚሸጠው ምክር ነው። ሰማያዊ ሰደርያ ያደርጋል፤ ጫማው ሹል ነው። በእኛ አቀበት ላይ በሹል ጫማ የሚንገዳገድ ሰው ምን ብሎ ነው የሚመክረኝ? ለቅሶ ቤት ካርዱን ሲያድል አይቼዋለሁ። የሟቹን ወንድም «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብሎ በጨበጠበት እጁ ካርዱን አስጨበጠው። ምስኪኑ ሰውዬ የሚያደርግበት ቢያጣ በካርዱ ዝንብ ሲከላከል ዋለ። ከዚያ ሁሉ የተማርኩት ይህ ሰው ማፈር የሚባል ነገር እንደሌለው ነው፤ ተምሬ ግን ራሴን ማዳን አልቻልኩም።

የያዘኝ በማኅበራችን በኩል ነው። የጊዮርጊስ ጽዋ አለን፤ ከአባቶቻችን የወረስነው፣ በየወሩ በሃያ ሦስት በተራ እየደገስን የምንጠጣው። አባት ሲሞት ቦታው ለልጁ ስለሆነ ግዛቸው በአባቱ ገባ። በዚህ ማኅበር አንድ ልማድ አለ። ለሚቀጥለው ወር ተራው ደርሶ ጽዋውን የተቀበለ ሰው፣ ጽዋው በእጁ እንዳለ «በጊዮርጊስ ይዣችኋለሁ» ብሎ የጠየቀው ነገር እምቢ አይባልም። እምቢ ስለማይባልም ማንም በዋዛ አይጠይቅም። እኔ በዕድሜዬ የሰማሁት ጥቂት ነው። አንዱ የተጣላውን ወንድሙን እንድናስታርቅለት ያዘን፤ ሌላው በሽታ የጠናበት ልጁን እንዳንጥልበት አደራ ብሎ ያዘን። ለራሱ ሱቅ የጠየቀ ሰው ግን ሰምቼም አላውቅም። የግዛቸው ተራ ደረሰና ጽዋውን ተቀብሎ ሰደርያውን አስተካክሎ ቆመ።

«ወንድሞቼ፣ አባቶቼ» አለ። «እንደምታውቁት አዲስ ሥራ ጀምሬአለሁ። የአዲስ ሥራ ካፒታሉ ሰው ነው። በጊዮርጊስ ይዣችኋለሁ፤ እያንዳንዳችሁ፣ እምቢ ከማይላችሁ አንድ ሰው ጋር አገናኙኝ።»

ከጎኔ የተቀመጠው ደምሴ፣ ወደ አሸተን ማርያም ለሚወጡ እንግዶች በቅሎ የሚያከራየው የልጅነት ጓደኛዬ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እምቢ የማይለኝን ሰው ምን ሊያደርገው ነው?»

«ሊመክረው» አልኩት።

የማኅበሩ ቄስ አቀርቅረው «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር በጽዋ ተጠይቆ አያውቅም» አሉ።

«አባ፣ መጥፎ ነገር አልጠየቅሁም እኮ። መተዋወቅ ነው።»

«አንዴ ስሙን ጠርተሃል፤ እኔ ምን ልበል እንግዲህ?» አሉ ቄሱ። አንድ በአንድ «ይሁን» አልን። እኔም ጥርሴን ነክሼ አልኩ።

የእኛ ሰው ደግሞ በጊዮርጊስ ከተያዘ የሚፈጽመው እንደ ስለት ነው። ደምሴ የነፍስ አባቱን ይዞለት ሄደ! መነኩሴው ከአሸተን ማርያም ያን ሁሉ ቁልቁለት በመቋሚያ ወርደው፣ በዚያች ክፍል የላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ ደንበኛ እርካታ ሲሰሙ ቆዩ። ሲጨርስ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብለውት ወጡ። አንዱ አማቱን ወሰደ፤ አንዱ የሚዜውን ሚስት። ምክሩ ለሁሉም ያው ነው፤ ቀለም ቀቡ፣ ስም ቀይሩ፣ ሰሌዳ ስቀሉ። ሰዎቹ እምቢ የማይሉ ናቸውና እምቢ አላሉም። ድሮ ሰው ሰውን የሚያገናኘው ለሰውየው ብሎ ነበር። ይህ ልጅ ግን የእያንዳንዳችንን ውድ ሰው እየመረጠ ወሰደብን፤ እኔ ይህን ሌብነት ነው የምለው፤ ሌላ ስም ያለው ካለ ይንገረኝ።

እኔ ዛሬ ነገ እያልኩ ቆየሁ። እምቢ የማይለኝ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም አገር ያውቀዋል። ግዛቸው አንድ ቀን ገበያ መሐል አገኘኝ።

«አያ መኮንን፣ እርስዎ ብቻ ቀሩ። የጋሸናዋ እማማ የሺ ሆቴል እኮ ቦታው ወርቅ ነው።»

«ሌላ ሰው ላምጣልህ።»

«እምቢ የማትልዎት እሷ ናት ሲሉ ሰምቻለሁ። ጊዮርጊስን ነው የጠራሁት፣ አያ መኮንን።»

የጊዮርጊስን ስም በዚያ አፍ ስሰማ በከዘራዬ ልለው ምንም አልቀረኝም። ማተቤን አሰብኩና ሚኒባስ ውስጥ ከጎኑ ተቀመጥኩ። መንገዱን ሙሉ ሲያወራ ነበር፤ እኔ ወደ ገደሉ እያየሁ ሄድኩ። በልቤ አንድ ነገር ወስኛለሁ። ስሙን ብቻ ነግሬያት ዝም እላለሁ፤ ቃሌን ፈጸምኩ፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ፊደል አልጨምርለትም።

የሺ ዛሬም ቢጫ ሻሽ ታስራለች። ሳታዘዝ ምስሩን አቀረበችና ከፊታችን ተቀመጠች።

«ምነው ዛሬ ከሰው ጋር መጣህ?»

«ግዛቸው ይባላል፤ የማኅበራችን ሰው ነው» አልኩና አፌን ዘጋሁ።

ግዛቸው ቀጠለ። «እማማ የሺ፣ አያ መኮንን ስለ እርስዎ አውርተው አይጠግቡም። ‹ሂድና ሥራውን አሳያት፣ ለእኔ ስትል ትቀበልሃለች› ብለው ነው ይዘውኝ የመጡ።»

ውሸታም! ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ። እንጀራ ቀርቦ፣ በሰው ቤት፣ አብሮኝ የመጣን ሰው ውሸታም ማለት አላደግሁበትም። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ አለብኝ፤ ግዛቸው የለበትም፤ ያሸነፈኝም በዚያ ነው። የሺ ፊቴን አየችና ሳቀች።

«ተመልከተው፣ መጠየቅ ከብዶት ፊቱን እንዴት እንዳደረገው!» አለችው። «ይህ ሰውዬ እዚህ ደጅ ላይ ቆሞ አርጅቷል። አንድ ነገር አድርጊልኝ ብሎኝ ያውቃል? ውኃ እንኳ ካላቀረብኩለት አይጠጣም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እንኳን ጠየቅኸኝ፣ መኮንን። እኔ እኮ ሳትጠይቀኝ ልሞት ነው እል ነበር።»

እጄን ቸብ አደረገችው። እንደዚያ ደስ ብሏት ያየኋት ያ ቴፕ አዲስ የነበረ ጊዜ ነው። እሷ እንደዚያ ሆና እኔ ምን ብዬ አፌን ልክፈት? ምስሩን ጎረስኩ።

ባለፈው ወር ለጉዳይ ወልድያ ስሄድ ጋሸና ወረድኩ። መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ ከዳር እስከ ዳር ብርቱካናማ ቀለም ተቀብቷል። ከላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ላይ የየሺ ስም የለም፤ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት በአማርኛ ፊደል ተጽፈውበታል፤ እሷ ራሷ አስተካክላ አትጠራቸውም። ከመስኮቱ ሥር ሄጄ ቆምኩ። እጄን ባሳርፍበት ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበርና ጣቴ ላይ ቀረ። የእኔ ይቅር። እዚያ ላይ ገና ያልተነበቡ ነበሩ። ሰውዬው መጥቶ እስኪያብሳቸው ማንም ያልነካቸው፣ ሲጠብቁ የኖሩ ነበሩ። አንዱ ከበሩ በላይ «እማዬ፣ ደህና ነኝ» ይል ነበር፤ የማን እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ የሺ ግድግዳውን በየዓመቱ ስትለቀልቅ ያችንም እንደ ሌሎቹ በጣቷ እየዞረች ታልፋት ነበር። ከክፉው ጊዜ የተረፈ ግድግዳ በአንድ አማካሪ ጠፋ።

የሺ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ወጣች።

«እንዴት ነው? አልሞቀም?»

ቀለም የነካ ጣቴን በጋቢዬ ጫፍ ጠረግሁ።

«ያንተን ሲቀቡት እውነቱን ልንገርህ ቅር ብሎኝ ነበር። እንዲያውም ይቺን ብቻ ተዉልኝ ብዬ ነበር» አለች። «በኋላ ያ ይዘኸው የመጣኸው ልጅ ‹ይቀባ ያሉት ራሳቸው አያ መኮንን ናቸው› ሲለኝ ተውኩት። አንተ ካልክ ብዬ። ብለሃል አይደል?»

ዓይኔን እያየች ነው የምትጠይቀኝ። የቢጫው ሻሽ ጫፍ ላይ ብርቱካናማ ቀለም ነክቷታል። መልሴን ስትጠብቅ እጇ ከመቀነቷ አልወጣም።

«ብያለሁ» አልኩ። «አምሯል።»

«እንዲያ በለኝ!» አለችና ምስሩን ልታወጣ ገባች።

ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ሳሰላስል መጣሁ። በሚመጣው ሃያ ሦስት ጽዋ የምቀበለው እኔ ነኝ። እንደያዘኝ እይዘዋለሁ፤ «በጊዮርጊስ ይዤሃለሁ፣ ጋሸና ሄደህ ከየሺ ፊት ቆመህ መኮንን አላለም፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት በላት» እለዋለሁ። በማኅበሩ ሁሉ ፊት። ያ ሹል ጫማ ወደ ጋሸና ሲሄድ ማየት ነበር ያማረኝ። ቃላቱን ሌት ተቀን ሳጠና ሰነበትኩ፤ እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ሰሞን ያለ ደስታ ለብዙ ጊዜ ተሰምቶኝ አያውቅም።

ቀኑ ደረሰ። ቄሱ ጸሎቱን አሳረጉ፤ ጽዋው እጄ ገባ፤ ቆምኩ። ሁሉም ፊቴን አይተው የሆነ ነገር እንደመጣ ገባቸው። ደምሴ መጉረሱን አቆመ። ግዛቸው ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ በደግ ፊት ያየኛል። «በጊዮርጊስ» ብዬ ጀመርኩ።

ቀጣዩ ቃል ከአፌ ከመውጣቱ በፊት የሺ ታየችኝ፤ እጇ መቀነቷ ላይ፤ ይህ ሰውዬ መጥቶ እውነቱን ሲነግራት። ግድግዳው ከእንግዲህ አይመለስላትም። የቀራት ነገር ቢኖር እኔ አንድ ጊዜ ጠይቄያት እሺ ማለቷ ነው። ውሸት ነው፤ ግን የቀራት እሱ ነው። እውነቱ ከደረሳት ሁለቱንም ልታጣ ነው። ያ ሰው እዚህም ላይ ቀድሞኝ እንደነበር ያወቅሁት ጽዋውን እንደያዝኩ ነው። የገዛ ውሸቱን እኔው እንድጠብቅለት አድርጎኝ ሄዷል።

«በጊዮርጊስ...» አሉኝ ቄሱ፣ ሊረዱኝ።

«በጊዮርጊስ ስም ለወሩ በሰላም ያድርሰን» አልኩ።

«አሜን» አሉ ሁሉም። ተቀመጥኩ። በማኅበራችን ቂም ይዞ ከጽዋው መጠጣት ነውር ነው፤ ጠጣሁ። ጠላው ምን ምን እንደሚል አላውቅም። ደምሴ «ምን ልትል ነበር?» ሲለኝ «ምንም» አልኩት።

ግዛቸው ወንበሩን እየሳበ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። አዲስ ሰደርያ ገዝቷል፤ ቡናማ ነው።

«አያ መኮንን፣ አላመሰገንኩዎትም። የጋሸናው ሥራ ስሜን አስጠራልኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማማ የሺ ወገል ጤና እህት አለቻቸው አሉ፤ ትልቅ የእህል ሱቅ ያላት። ከእርስዎ ጋር ትተዋወቃላችሁ?»

ያ ቆሎ ትዝ አለኝ፤ ከምስሩ ከረጢት አፍ ላይ በጨርቅ የሚቋጠረው።

«አላውቃትም» አልኩት።

«ሌላስ በዚያ በኩል? የሚያውቁት ሰው አይጠፋም መቼም።»

«ማንንም አላውቅም» አልኩት።